የጠመንጃ ቁራጭ በእጅ ሻንጣ አይገባም፦ ወደ ቦሌ ከመነሳታችሁ በፊት እቤት የሚደረግ ፍተሻ

ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ ወይም ከገላን ተነስቶ ቦሌ ለሚገባ መንገደኛ እቤት ተመልሶ መምጣት የሚባል ነገር የለም። ተርሚናሉ በር ላይ «ይሄ አያልፍም» ሲባል ዕቃውን የሚወስድለት ሸኚ ተሰናብቶ ሄዷል፣ ሹፌሩም መንገድ ጀምሯል። የውሃ ጠርሙስ ወይም መቀስ ቢሆን ጥሎ መግባት ይቻላል። የጦር መሣሪያ ክፍል ሲገኝ ግን «ልጣለውና ልግባ» ብሎ ነገር አይሠራም፤ ጉዳዩ ከፈታሹ ወደ ፖሊስ ያልፋል፣ አውሮፕላኑም አይጠብቅም። ስለዚህ ሻንጣው መፈተሽ ያለበት እቤት፣ መሬት ላይ ተዘርግፎ፣ በቀን ብርሃን ነው።

ደንቡ አጭር ነው። ሙሉ ጠመንጃና ሽጉጥ ቀርቶ አንድ ክፍላቸው እንኳ በእጅ ሻንጣ፣ በትከሻ ቦርሳም ሆነ በኪስ ካቢን አይገባም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር አፈሙዝን፣ ካዝናን (ጥይቶቹ የሚደረደሩበትን ማቀፊያ)፣ ጥይት የሚያጎርሰውን ብረትና ጥይቱን የሚመታውን መርፌ በእጅ ሻንጣ ይከለክላል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2015/1998 ደግሞ የጦር መሣሪያ አካላትን በጅምላ ከልክሎ የማነጣጠሪያ መነጽርን ብቻ ለይቶ ይተዋል። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፦ ሦስት ሰዎች ሦስት ቁራጭ ይዘው ቢገቡ ካቢን ውስጥ አንድ መሣሪያ ሊገጥሙ ይችላሉ። ፈታሹ የሚያየው ቅርጹን እንጂ የእናንተን ሐሳብ አይደለም። ብረቱ ዝጎ ይሁን፣ መርፌው ይውለቅ፣ ከተተኮሰበት 50 ዓመት ይለፈው፣ ስክሪኑ ላይ ልዩነት የለውም።

በቀላሉ የሚረሳው ካዝና ነው። ጠፍጣፋ ስለሆነ የጎን ኪስ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ «ጥይት የለው» ብሎ ይንቀዋል። ባዶ ካዝናም ካዝና ነው። ሰደፉ እንጨት፣ እጀታው ፕላስቲክ ስለሆነ ያልፋል ማለትም ስህተት ነው፤ የተከለከለው ክፍሉ እንጂ ብረትነቱ አይደለም። ሞላና ብሎን ለብቻቸው ሲታዩ የማንኛውም ማሽን ሊመስሉ ይችላሉ፤ ከመሣሪያ የወጡ መሆናቸውን እያወቃችሁ ግን በእጅ ሻንጣ አትክተቷቸው። መወልወያ ዘንግም ቦታው የሚጫነው ሻንጣ ነው። እሳት የሚይዝ የማጽጃ ፈሳሽ ግን በእጅም በሚጫንም ሻንጣ አይሄድም።

አሁን ሰው መሣሪያ ብሎ ወደማይቆጥራቸው ነገሮች እንምጣ፤ ጣጣው የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ከአያት የወረደ የድሮ ጠመንጃ፣ ምንሽር ወይም ውጅግራ የተሰቀለበት ቤት አለ። ውጭ አገር ለሚኖር ልጅ ለመታሰቢያ ተብሎ ከዚያ ላይ አንድ ቁራጭ ይፈታል፣ ወይም ዝናሩ (የጥይት መታጠቂያው) ይሰጠዋል። ዝናሩ ቆዳ ነው፤ ከማቀፊያዎቹ በአንዱ ጥይት ከቀረ ግን ጥይት ይዞ የገባው መንገደኛው ነው። የቁልፍ መያዣ የተሠራ ቀለህም (የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀፎ) እንዲሁ ሰውን ያስቆማል። ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ሻንጣው ተከፍቶ፣ በእጅ ተገላብጦ ነው፤ በውስጡ የቀረ የባሩድ ብናኝም የፈንጂ መለያ መሣሪያውን ሊያስጮኸው ይችላል። የእኛ ምክር አንድ ነው፦ ቀለህ እቤት ይቀመጥ።

ሱሉልታና ሰንዳፋ ላይ ሯጮችን የምታሠለጥኑ ሰዎች ይህን ልብ በሉ፦ የሩጫ ማስጀመሪያ ሽጉጥ በአውሮፓው ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጽፎ ተከልክሏል። የሚተኮስበት ጥይት እርሳስ ባይኖረውም በአየር ትራንስፖርት ሕግ ጥይት ነው። የግንባታ ባለሙያዎችም ሚስማር በባሩድ ኃይል ኮንክሪት ላይ የሚተክለውን መሣሪያና ጥይቶቹን ከሥራ ቦርሳችሁ አውጡ። ለልጅ የተገዛ እውነተኛ የሚመስል የአሻንጉሊት ሽጉጥና የሽጉጥ ቅርጽ ያለው ላይተርም ከዚሁ ይቆጠራሉ።

ፍተሻውን ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት አድርጉት። በመጨረሻው ሌሊት፣ ቤቱ በሸኚ ተሞልቶ፣ አንዱ በርበሬ ሌላው ዳቦ ቆሎ ሲያቀብል የሚታሸግ ሻንጣ አይፈተሽም። በተለይ የተዋሳችሁት ሻንጣ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት ማን ይዞት እንደነበር ጠይቁ። ጥበቃ፣ ሚሊሻ ወይም አዳኝ ከነበረ ሌላ ሻንጣ ፈልጉ። ሌላ ከሌለ ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርጉትና ገልብጣችሁ አራግፉት። ከዚያ ዚፑን ከፍታችሁ ገበሩንና ገላውን ለዩ፤ የእጀታው ብረት የሚገባበትን ቦይ፣ የጎማዎቹን ማዕዘን፣ የውስጥ የተጣራ ኪሶችን አንድ በአንድ በጣት ዳስሱ። የክላሽ ጥይት ርዝመቱ 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከተቀደደ ገበር ሥር ገብቶ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። በማግኔት መፈለግ አይበቃም፤ ቀለሁ ብረት የሆነ ጥይት ይሳባል፣ ነሐስማው ግን ላይሳብ ይችላል። ኮትና ጃኬትም ገበር አላቸውና አትዝለሏቸው።

«ረሳሁት» የሚለው ቃል በዓለም ሁሉ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ኤርፖርቶች መፈተሻ ጣቢያዎች 6,678 የጦር መሣሪያዎች ተይዘዋል፤ ከመቶው 94 ያህሉ ጥይት የጎረሱ ነበሩ። ከተያዙት ሰዎች አዘውትሮ የሚሰማው ምክንያትም መርሳት ነው። መርሳት ግን ከቅጣት አላዳናቸውም።

ሌላው የአደራ ዕቃ ነው። የጎረቤት እናት ለልጃቸው የላኩትን ሽሮ አልቀበልም ማለት እንደሚከብድ እናውቃለን። ተቀበሉ፤ ነገር ግን እፊታቸው ክፈቱት፣ በራሳችሁ ላስቲክ ገልብጡት፣ እጃችሁን ከትታችሁ ዳስሱት፣ እናንተው አሽጉት። «እማማ፣ ፍተሻው ላይ የሚጠየቀው ተሸካሚው ስለሆነ ነው» ብትሏቸው የሚቀየም የለም። ተሰፍቶ ወይም በፕላስተር ተጠቅልሎ የመጣ፣ «እንዳትከፍተው» የተባለ ዕቃ ግን ከማንም ይምጣ አትቀበሉ። ኤክስሬዩ ምግብንና ልብስን በብርቱካንማ ቀለም፣ ብረትን በሰማያዊ፣ ወፍራም ብረትን ወደ ጥቁር በተጠጋ ቀለም ስለሚያሳይ በርበሬ ውስጥ ያለ ቁራጭ ብረት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ያኔ የላከው ሰው አጠገባችሁ የለም።

ፈቃድ ያላችሁና መሣሪያችሁን በሕግ መውሰድ የምትፈልጉ፣ ለአደንም ሆነ ለውድድር፣ መንገዱ የሚጫነው ሻንጣ ነው። በአገራችን መሣሪያ መያዝም ሆነ ማዘዋወር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። በዚያ ላይ የመድረሻው አገርና በመካከል የምታርፉበት አገር የየራሳቸው ወረቀት አላቸው፤ ደቡብ አፍሪካ ለምሳሌ ከጎብኚ አዳኝ የፖሊስ ቅጽ ቁጥር 520 ትጠይቃለች። አየር መንገዱንም ቢያንስ ከሳምንት በፊት አናግሩ፤ ያለ እሱ ፈቃድ ጥይት አይጫንም። መሣሪያው ጥይት የሌለው፣ ካዝናው የወጣ፣ በጠንካራ ሳጥን የተቆለፈ ይሁን፤ ቁልፉ እናንተ ጋ ይቆይ። ጥይቱ በኪስ ወይም በፌስታል ሳይሆን ለጥይት በተሠራ ካርቶን ወይም ሳጥን ይታሸጋል። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ከነማሸጊያው 5 ኪሎ ግራም ነው፤ የባልና የሚስት ድርሻ ተደምሮ በአንድ አይታሸግም። የሚፈነዳ ወይም የሚያቃጥል አረር ያለው ጥይት በምንም መጠን አይፈቀድም።

ቦሌ ላይ ልዩ የሆነውን ነገር አስታውሱ። በአሜሪካ መሣሪያ የሚታወጀው ቼክ-ኢን ባንኮኒው ላይ ነው። ቦሌ ግን ተርሚናሉ በር ላይ የሚጫነውም የእጁም ሻንጣ ኤክስሬይ ያልፋል። ስለዚህ ሻንጣውን ማሽኑ ላይ ከማኖራችሁ በፊት «ፈቃድ ያለው መሣሪያ በሚጫን ሻንጣ ይዣለሁ፣ ወረቀቱ ይኸው» በሉ። ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ይሁን፤ በተቆለፈው ሳጥን ውስጥ የገባ ፈቃድ እንደሌለ ነው። ወደ ከተማው መግቢያ ባሉ ኬላዎች ላይም ያው ወረቀት ስለሚጠየቅ ከለገጣፎ በሲኤምሲና በመገናኛ፣ ወይም ከገላን በቃሊቲ ለምትመጡት ከተለመደው ሰዓት ላይ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሩ።

የማነጣጠሪያ መነጽር ነገር ሰውን ያደናግራል። አሜሪካ ፍተሻ ላይ በእጅ ሻንጣ ያልፋል፤ ይህ ማለት ግን ከአገሪቱ ይዞ መውጣት ይፈቀዳል ማለት አይደለም። እዚያ መነጽሩ ራሱ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ያለበት ዕቃ ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የጉምሩክ ጥያቄ ይጠብቀዋል። በትራንዚት የሚያልፍ መንገደኛም እንደገና ይፈተሻል፤ በመጀመሪያው ኤርፖርት ማለፉ በሁለተኛው መልስ አይሆነውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሻንጣችሁ ተለይቶ ከቆመ፣ እጃችሁን ወደ ሻንጣው አትስደዱ፤ «እኔ ላሳያችሁ» ብላችሁም አትክፈቱ። ቁልፉን ስጡና ወደ ኋላ ቁሙ። ቀልድ አትናገሩ። የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳሸገው፣ ከየት እንደመጣ የምታውቁትን ብቻ በአጭሩ ተናገሩ፤ የማታውቁትን ስም አትጨምሩ። ወረፋ ላይ ሆናችሁ ትዝ ካላችሁም ቆሻሻ መጣያ ወይም ሽንት ቤት አትጣሉት፤ እዚያ የተገኘ ጥይት ከእጅ ከተሰጠው የከፋ ጥያቄ ያስነሳል። ማሽኑ ጋ ሳትደርሱ ለፈታሹ ተናገሩ። ዕቃው ሲያዝ የተመዘገበበትን ወረቀት ጠይቁና ቁጥሩን ያዙ። ጥያቄው እንደሚቆይ ከተረዳችሁ፣ ከተፈቀደላችሁ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ለአየር መንገዱ ደውሉና ቀኑን አስቀይሩ፤ ከተነሳ በኋላ እንደ ቀረ መንገደኛ ስለምትቆጠሩ ተጨማሪ ክፍያ ሊመጣባችሁ ይችላል።