በደረት ሽፋን ላይ የሚያድግ ግዙፍ ዕጢ፦ ከምርመራ እስከ ክትትል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሳንባንና የደረትን የውስጥ ግድግዳ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ፕሉራ ይባላል። ከዚህ ሽፋን ሥር ካለው ተያያዥ ሥጋ አልፎ አልፎ ነጠላ ዕጢ ይበቅላል፤ ሐኪሞች «ሶሊታሪ ፋይብረስ ቲዩመር» ይሉታል። ከፕሉራ ዕጢዎች ሁሉ ከ5 በመቶ በታች የሚሆነው ይህ ዕጢ ለዓመታት ሳያሳምም ስለሚያድግ፣ ሕመምተኛው ትንፋሽ አጥሮት ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የደረቱን አንድ ጎን ሞልቶ ይገኛል። ወርዱ ከ15 ሳንቲሜትር ካለፈ ወይም ከአንዱ የደረት ጎን ከ40 በመቶ በላይ ከያዘ «ግዙፍ» መባሉ የተለመደ ነው። አብዛኛው ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ከወጣ የሚድን ሆኖ ሳለ ሕመምተኞች የሚጎዱት፣ እኔ እንደማየው፣ በሽታው ገና ሳይጣራ በሚያውቁት ስም ስለሚጠራ ነው።

የመጀመሪያው የተሳሳተ ስም «ውሃ» ነው። ራጁ ወደ ብርሃን ሲነሣ ግራው ወይም ቀኙ ደረት ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ልብም ወደ ሌላው ጎን ተገፍቷል፤ በጣት ሲመታ ደረቱ እንደ ድፍን ግንድ ይደነቁራል። ሳንባ ውሃ ሲቋጥርም ምልክቱ ይኸው ነው። ቲቢ በሚበዛበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ቀጥሎ የሚመጣው ግምት የታወቀ ስለሆነ፣ ሕመምተኛው የስድስት ወር መድኃኒት ተጀምሮለት ዕጢው በዚያው መጠን ጊዜ ሊያገኝ ይችላል። ከዚህ የከፋው ውሃ ለማውጣት ተብሎ በጎድን አጥንት መካከል ቱቦ መክተት ነው፤ ዕጢው በደም ሥር የተሞላ ከሆነ ቱቦው የሚያወጣው ደም ነው። አልጋው አጠገብ የሚደረግ አልትራሳውንድ ፈሳሽንና ጠጣርን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚለይ፣ ያለ እርሱ መርፌም ሆነ ቱቦ መግባት የለበትም። ዕጢውና ውሃው አብረው የሚገኙበት ጊዜም ስላለ፣ ውሃ ወጣ ተብሎ ምርመራው መቆም የለበትም፤ ከተቀዳ በኋላ ሲቲ ስካን መነሣት አለበት። (በቋንቋችን «ነቀርሳ» ለቲቢም ለካንሰርም መዋሉ ቤተሰብን ምን ያህል እንደሚያደናግር የካርድ ክፍል ሠራተኞች ሳይቀሩ ያውቁታል።)

ሁለተኛው የተሳሳተ ስም «ሜሶቴሊዮማ» ነው፤ ይህኛው ስህተት የሕክምናው ዓለም ራሱ የፈጠረው ነው። ክሌምፐረር እና ራቢን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1931 የፕሉራ ዕጢዎችን ሲከፋፍሉ አንድ ቦታ የተወሰነውንም የተሰራጨውንም በሜሶቴሊዮማ ስም ስለጠሩ፣ ስያሜው ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። ሜሶቴሊዮማ በዋነኛነት ከአስቤስቶስ (ለግንባታ ይውል ከነበረ የማዕድን ጭረት) ጋር የተያያዘ ክፉ ካንሰር ሲሆን ይህ ዕጢ ግን ከአስቤስቶስ ጋር ግንኙነት የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደታወቀው መለያው ናብ2 እና ስታት6 የተባሉ ሁለት ዘረመሎች መጋጠማቸው ነው። ስለዚህ ናሙናው በስታት6 ቀለም መመርመሩን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በቀጭን መርፌ የተቀዳ ናሙናም ለዚህ እምብዛም አይበቃም። በወፍራም መርፌ የተወሰደውም ቢሆን የዕጢውን አንድ ጥግ ብቻ ስለሚያሳይ «ካንሰር አይደለም» የሚለው ውጤት የመጨረሻ ቃል ሊሆን አይችልም፤ ፍርዱ የሚሰጠው ዕጢው በሙሉ ወጥቶ ሲታይ ነው።

ስኳርን መዘንጋት በጣም አደገኛ ስህተት ነው። ዶጌ እና ፖተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1930 በየፊናቸው እንደገለጹት፣ ከእነዚህ ዕጢዎች ጥቂቶቹ የደም ስኳርን ያወርዳሉ፤ ዕጢው ኢንሱሊን መሰል ንጥረ ነገር ስለሚያመነጭ ነው። ሰውየው ሌሊቱን ሳይበላ አድሮ ጠዋት በላብ ተነክሮ፣ ቢጠሩት የማይሰማ፣ የማይሆን ነገር የሚናገር ሆኖ ይገኛል፤ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ሲጎነጭ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ተነሥቶ ይቀመጣል። ቤተሰቡ ነገሩን በጾም ወይም በድካም ሊያሳብበው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳይቀምስ» ብሎ ያለ ግሉኮስ ለቀዶ ሕክምና ማሳደር ራሱን እንዲስት መፍረድ ነው። የጣቶች ጫፍ ማበጥና የመገጣጠሚያ ሕመምም «ቁርጥማት ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ሁለቱም ከዕጢው ሊመጡ ይችላሉ።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ስንመጣ፣ በመጀመሪያ «ይህን ያህል ከተለቀ አይነካም» የሚለው ፍርድ በብዛት ስህተት ነው። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ይህን ዕጢ አስተማማኝ በሆነ መንገድ ስለማያሳንሰው፣ የመዳን ዕድሉ ያለው በቢላዋ ነው። ግዝፈቱ አስፈሪ ቢሆንም ብዙዎቹ ከሳንባው ሽፋን የሚነሡት፣ ዱባ በእጀታው እንደሚንጠለጠል፣ በአንድ ግንድ ነው፤ ግንዱ ከተገኘ ከጥቂት ጤነኛ ሳንባ ጋር ተቆርጦ ይወጣል። ችግሩ ግን ዕጢው ደረቱን ስለሞላው ቀዶ ሐኪሙ ግንዱን ሳያይ በጭፍን እጁን ወደ ኋላ መስደዱ ነው፤ በጎድን አጥንቶች መካከል፣ ከደረት አጥንት ጎንና ከድያፍራም ሥር የሚመጡ የደም ሥሮች ዕጢውን ስለሚመግቡ አንዱ ቢበጠስ ደሙን ማስቆም ከባድ ነው። ስለዚህ የደም ሥሮቹ አስቀድመው በሲቲ መታየት፣ ትልልቆቹም ከቀዶ ሕክምናው በፊት በካቴተር (በደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) መዘጋት፣ ደምም በበቂ መጠን ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ማደንዘዣው ሲሰጥ ዕጢው ልብንና ዋናውን የደም ሥር ሊጫን ስለሚችል፣ ቀዶ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ሕመምተኛው ከመተኛቱ በፊት መቆም አለበት እንጂ ሻይ ቤት ሆኖ መጠራት የለበትም።

ጠባሳው እንዲያንስ ብሎ ጠባብ ቀዳዳ መክፈትም እንዲሁ የማይመከር ነው። በካሜራ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ለትንንሾቹ መልካም ሲሆን፣ ያኔም ቢሆን ዕጢው በከረጢት ውስጥ ካልወጣ በቀዳዳው ላይ ሊበቅል ይችላል። ለግዙፉ ደረቱ በስፋት ይከፈታል፤ አንዳንዴም በአንድ የቆዳ ቁስል ሥር በሁለት የጎድን አጥንት ክፍተቶች ይገባል። ዕጢውን ቆራርጦ ማውጣት ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ የሚደረግ ነው። ከደረት ግድግዳ የተነሣ ከሆነ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ጤነኛ ሥጋ አብሮት እንዲወጣ ይፈለጋል። ለወራት ታጥፎ የቆየውን ሳንባ በአንድ ጊዜ በኃይል መንፋት ሳንባው በፈሳሽ እንዲሞላ ስለሚያደርግ ቀስ ተብሎ መለቀቅ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የመጨረሻው ነገር ክትትል ነው። «ካንሰር አይደለም» የሚል ወረቀት የያዘ ሰው ቁስሉ ከዳነ በኋላ ተመልሶ አይመጣም። ደ ፔሮ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ምደባ ካንሰር ያልሆነውና ግንድ ያለው ዕጢ የሚመለስበት መጠን 2 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ክፉ ሆኖ ግንድ የሌለው ግን 63 በመቶ ይደርሳል። የሚመለሰውም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየስድስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ ሲቲ ስካን መነሣት ተመራጭ ሲሆን፣ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ወረቀቱና የቀድሞው ሲቲ ሲዲም ቤት ውስጥ በደንብ ሊቀመጥ ይገባል፤ ዕጢው ቢመለስ አብዛኛውን ጊዜ ዳግም መቁረጥ ይቻላልና። ስኳር ያወርድ የነበረ ዕጢ የወጣለት ሰው የጠዋቱ ላብና መደናገር እንደገና ከጀመረው፣ ስኳሩን ቀምሶ እንደተነሣ በዚያው ቀን ደረቱን ይታይ።