በሄምፕ ፋንታ ሲሳል፦ የቃጫ ሥራ በድሬዳዋ እንዴት ይሰላል?

በኢንዱስትሪ ሄምፕ፣ ማለትም ለቃጫ ተብሎ በሚዘራው የሀሺሽ ተክል ዝርያ ላይ ገንዘብ ለማዋል የሚያስብ የድሬ ሰው ከገበያው በፊት ሕጉን ይይ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ሀሺሽ ማምረትን ያስጠይቃል፤ «የዘራሁት ለገመድ ነው» ማለት አያድንም። በአሜሪካም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2018 ከተፈቀደ በኋላ በማግስቱ ዓመት ገበሬው ተሽቀዳድሞ ዘራ፤ የሚያዘጋጀው ፋብሪካና የሚገዛው ሰው ግን በዚያው ልክ አልተገኘም፣ ዋጋውም ወደቀ። በቃጫ ሥራ ብር የሚጠፋው በማሳውና ቃጫውን በሚያወጣው ማሽን መካከል ነው። ሕጉ የማይከለክለው ሲሳልም፣ ረጅምና ወፍራም ቅጠሉ ተፍቆ ቃጫ የሚወጣው ተክል፣ ከዚህ ጣጣ አያመልጥም።

ሲሳል ለድሬ ቆላ ይስማማል። በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይበቃዋል፣ ድንጋያማና ኖራማ አፈርም ይችላል። የማይችለው ውሃ የሚተኛበትን መሬት ነው፤ ስለዚህ ጎርፍ የሚመላለስበትን የደቻቱን ዓይነት የወንዝ ዳር ርካሽ ነው ብለው አይያዙ። ውሃ ያለውና ጫት የሚያበቅል መሬትን ወደ ሲሳል ማዞርም ኪሳራ ነው።

መሬት ከመጠየቅዎ በፊት በአጥር ላይ ከበቀለ ሲሳል ከ90 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ 20 የታችኛ ቅጠሎች ቆርጠው ይመዝኑ። ጣውላ ላይ አጋድመው በደነዘ ቢላዋ ይፋቁ፣ ይጠቡ፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁና እንደገና ይመዝኑ። ቅጠሎቹ 12 ኪሎ ከነበሩ ከ360 እስከ 480 ግራም ደረቅ ቃጫ መውጣት አለበት፤ ከ100 ኪሎ 3 ወይም 4 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ወይ ቅጠሉ ለጋ ነው፣ ወይ ፍቂያው ቃጫውን ይዞት ሄዷል።

ይህ ቁጥር ሥራውን ሁሉ ይወስናል። 50 ኩንታል ቅጠል የጫነ ኢሱዙ የሚያስገኘው ደረቅ ቃጫ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ብቻ ነው። የቀረው ውሃና ገለባ ነው፤ ለእሱም የጭነት ከፍለዋል። ቅጠሉ ተራራው ላይ ደንገጎ፣ ማሽኑ ታች ሜዳው ላይ መልካ ጀብዱ ከሆነ ሂሳቡን መጨረስ አያስፈልግም። ማሽኑ ወደ ቅጠሉ ይሂድ። በጎማ የሚጎተት፣ ከ7 እስከ 10 የፈረስ ጉልበት ባለው የናፍጣ ሞተር የሚሽከረከር አነስተኛ መፋቂያ፣ ከቆራጭ እስከ አድራቂ ጥቂት ሰዎች ይዞ ያንን አንድ ኢሱዙ ቅጠል በቀን ሊጨርስ ይችላል።

ማሽኑ ላይ የሚያስቸግረው በምላጩና በመደገፊያው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከጠበበ ቃጫው ይበጣጠሳል፣ ከሰፋ አረንጓዴው ሥጋ አይለቅም። ጠዋት ጥቂት ቅጠል አሳልፈው ሳያዩ ሥራ አይጀምሩ፤ ምላጩ ሲያልቅ ክፍተቱ ራሱ ይሰፋልና። ቅጠሉ እስከ ግማሹ ይገባል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ይገለበጣል። አደጋው የሚደርሰው በሚገለበጥበት ጊዜ ነው፦ ሠራተኛው የወጣውን ቃጫ መዳፉ ላይ ጠምጥሞ ከያዘ ማሽኑ እጁን ይዞ ይገባል። በብራዚል ብዙ ሰው እጁን ያጣው በዚህ ዓይነት መፋቂያ ነው። መያዣ መንጠቆ የሌለውን፣ አፉም ሰፊ የሆነውን ማሽን በነፃም ቢሰጡዎ አይቀበሉ።

የተቆረጠ ቅጠል ከአንድ ቀን በላይ አይደር፤ ጭማቂው ሲደርቅ ሥጋው ከቃጫው ጋር ይጣበቃል። የተፋቀውንም ወዲያው ይጠቡ፣ ውሃው ሲቢጫም ይቀይሩ። ከቦቴ ውሃ የሚገዛ ሰው እዚህ መቆጠብ ያምረዋል፤ ውጤቱ ቡናማና ተሰባሪ ቃጫ ነው። የድሬ ፀሐይ ለማድረቅ ምቹ ናት፣ ግን መሬት ላይ ሳይሆን ሽቦ ላይ ይስቀሉ።

ለማን ይሸጣል? በገመድ ገበያ ከደቡብ የሚመጣው የእንሰት ቃጫ ይገጥምዎታል፤ ቆጮ ሲፋቅ አብሮ የሚወጣ ስለሆነ በዋጋ አይችሉትም። የጂፕሰም ኮርኒስ ሠሪዎችን ያስቀድሙ። እነሱ ቃጫውን ጂፕሰሙ እንዳይሰነጠቅ ስለሚቀላቅሉት ርዝመቱ ብዙም አያስጨንቃቸውም፣ አጭሩና ብጥስጣሹም ይሄዳል። ንጣቱን ግን ያያሉ፤ በደንብ ያልታጠበ ቃጫ ነጩን ሥራ ያበላሽባቸዋል። ሁለት ኪሎ ናሙና ሰጥተው መልሳቸውን ሳይሰሙ ማሽን አይዘዙ።

ተከላው ከዚህ በኋላ ይመጣል። በአንድ ሄክታር 5,000 ችግኝ፦ በጥንድ መስመር፣ በጥንዶቹ መካከል 4 ሜትር፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል 1 ሜትር፣ በችግኞች መካከል 80 ሳንቲ ሜትር። አራት ሜትሩ ለጋሪና ለማሽኑ መግቢያ ነው። የመጀመሪያው ቆረጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው፤ እስከዚያ የሚያኖርዎት የአጥር ሲሳል ወይም ሌላ ገቢ ከሌለ አይግቡበት። ሲቆርጡ 20 ያህል ቅጠል ይተዉለት፤ ከዚያ በታች ከወረደ ተክሉ ይቀጭጫል። ገለባውን አብስብሰው ወደ ማሳው ይመልሱ፣ ሲሳል ካልሲየምና ፖታሽ አብዝቶ ይወስዳል። ተክሉ ረጅም የአበባ ዘንግ ካወጣ በኋላ ይሞታል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 12 ዓመት ባለው ውስጥ ነው። ሁሉንም በአንድ ክረምት የተከለ ሰው ሁሉም በአንድ ሰሞን ያልቅበታል፤ ማሳውን ከፋፍለው በተለያየ ዓመት ይትከሉ፣ ችግኙንም ከዘንጉ ላይ ከሚረግፉት ቡቃያዎች ያፍሉ።