በቬትናም የቤተሰብ ግዴታና የቡድሃ ምናኔ የሚታረቁበትን መንገድ ለማጥናት

የኮንፉሽየስ ትምህርት ልጅ ወላጆቹን እንዲጦር፣ የአያት ቅድመ አያቶቹን መሠዊያ እንዲጠብቅና ዘር እንዲተካ ያዝዛል፤ የቡድሃ መነኩሴ ግን ትዳሩንና ቤቱን ትቶ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ ገዳም ይገባል። ሁለቱ በቬትናም ሃይማኖት ውስጥ እንዴት አብረው እንደኖሩ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ በሚያገኘው ታሪክና ሥርዓት ሁሉ ላይ «የወላጅ ውለታ እዚህ በምን ተከፈለ?» የሚለውን ጥያቄ ቢያነሣ ይበጀዋል።

አስቀድመው መነኩሴ የወላጁን ውለታ ይክዳል የሚለውን ክስ በትክክል ይያዙ። በኮንፉሽየስ ተከታዮች ዘንድ ሥጋና ጸጉር ከወላጅ የተገኙ ስለሆኑ ሊጎዱ አይገባም፤ የኮንፉሽየስን ትምህርት የተከተለው ፈላስፋ ሜንሲየስም ልጅ በወላጁ ላይ ከሚፈጽመው በደል ሁሉ የከፋው ዘር አለመተካት ነው ብሏል። ከጥንታዊ መልሶች አንዱ፣ ዛሬ ሰሜን ቬትናም በምንለው በዛው ቺ እንደኖረ በሚነገርለት በማው ቱ ስም በተላለፈው ጽሑፍ ይገኛል። ጽሑፉ ውኃ ውስጥ የወደቀ አባቱን ዘቅዝቆ፣ ውኃውን ከአፉ አስወጥቶ ያዳነ ልጅን ይጠቅሳል፤ አባትን መዘቅዘቅ ነውር ቢሆንም ሕይወቱ የተረፈው በዚያው ነውርና ነው። ጽሑፉ መነኩሴ ከልጅነት ግዴታ ነጻ ነው እንዳላለ፣ ይልቁንም ግዴታውን በሌላ መንገድ ይወጣል ብሎ እንደተከራከረ ልብ ይበሉ።

ቀጥሎ ወደ በዓላት ይሂዱ፤ እርቁ ከክርክር ይልቅ በእነርሱ ጎልቶ ስለሚታይ እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው። በጨረቃ አቆጣጠር በሰባተኛው ወር በ15ኛው ቀን በሚከበረው ቩ ላን የሙክ ኪየን ሊየን ታሪክ ይነገራል። ይህ የቡድሃ ደቀ መዝሙር እናቱን በረኃብተኛ ሙታን ዓለም ስትሠቃይ አግኝቶ ቢያጎርሳትም ምግቡ አፏ ሳይደርስ ፍም ሆነባት፤ በቡድሃ ምክር የዝናም ወራት ሱባኤያቸውን ለፈጸሙ መነኮሳት መባ ባቀረበ ጊዜ ግን ዳነች። ልጅ ብቻውን ያልቻለውን የመነኮሳት ማኅበር ስለቻለው፣ እናቱን የሚወድ ልጅ ገዳሙን ይሻል። እናቱ በሕይወት ያለችለት ቀይ፣ የሞተችበት ነጭ ጽጌረዳ የሚያደርግበት ልማድ ግን ቬትናማዊው መነኩሴ ቲክ ንያት ሃን እ.ኤ.አ. በ1962 ከጻፈው ጽሑፍ ወዲህ የተስፋፋ ስለሆነ ከጥንቱ ሥርዓት ጋር አያምታቱት።

ሞንጎሎችን የመከተው ንጉሥ ትራን ንሃን ቶንግ እ.ኤ.አ. በ1293 ዙፋኑን ለልጁ አስረክቦ፣ በ1299 በየን ቱ ተራራ መንኖ ቹክ ላም የተባለውን የዜን ቡድሂዝም ወገን መሥርቷል። ምሳሌው ዝነኛ ቢሆንም በእኔ አስተያየት ጥያቄውን ያቀልለዋል፤ ዘር ተክቶና ተተኪ አንግሦ ለወጣ ሰው መመነን አይከብድምና። ስለዚህ ከእርሱ ጋር ልጅ ሳትወልድ የመነነችውን የቲ ኪንን ትረካ ያንብቡ። ባሏን ልትገድል ነበር ተብላ በሐሰት የተባረረችው ይህች ሴት በወንድ ልብስ መንኩሳ ሳለች የልጅ አባት ነህ ተብላ ተወነጀለች፤ ሆኖም ማንነቷን ሳትገልጥ ያልወለደችውን ልጅ አሳደገች።

በመጨረሻም ቤተ መቅደስ ሲጎበኙ በዋናው አዳራሽ ብቻ አይመለሱ። በብዙ ቦታ ከኋላ በኩል የቀደሙት መምህራን የሚታሰቡበት ክፍል አለ፤ ልጅ ላልወለደው መነኩሴ በሙት ዓመቱ ዕጣን የሚያጥኑለት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው።