«ወሎ» በሚለው ቃል ውስጥ ፎቶ ማሳየት፦ የማስክ አሠራር በፎቶሾፕ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለሚታተም ፖስተር ሐይቅ የተባለውን የወሎ ሐይቅ ፎቶ በ«ወሎ» ፊደላት ቅርጽ ማውጣት ቢፈልጉ፣ ፎቶውን በማጥፊያ አይንኩት። ያጠፉት ክፍል ፋይሉ ተቀምጦ ከተዘጋ በኋላ አይመለስም። ማስክ (የምስሉን ክፍል የሚከልል መሸፈኛ) ግን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም።

መጀመሪያ የኤ3 ገጽ በ300 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል) ይክፈቱ፤ 3508 በ4961 ፒክስል ነው። ፎቶው በቴሌግራም የሚመጣ ከሆነ እንደ ፋይል ያስልኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ሲታተም ይደበዝዛል።

«ወሎ» ብለው በትልቁ ይጻፉ። ፎንቱ ወፍራም ይሁን፤ በቀጭን ፊደል ውስጥ ውሃውና ተራራው አይለዩም። ፎቶውን ከጽሑፉ በላይ ባለው ሌየር (ንብርብር) ያስቀምጡ። የፎቶው ሌየር እንደተመረጠ ኮንትሮል (Ctrl)፣ አልት (Alt) እና ጂ (G) ቁልፎችን አንድ ላይ ይጫኑ። ከፊደላቱ ውጭ ያለው የፎቶው ክፍል ይሸፈናል፤ ይህ ክሊፒንግ ማስክ ይባላል። አሁን ፎቶውን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ቦታውን ይምረጡ። የ«ወ» ሁለት ቀዳዳዎች ባዶ ስለሚሆኑ፣ በፎቶው ላይ ያለ ገዳም ወይም የሰው ፊት እዚያ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ። በኢንክስኬፕ (ሌላ የሥዕል ፕሮግራም) ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ቅርጹ ከላይ፣ ፎቶው ከታች።

የቃሉ ግርጌ ቀስ እያለ እንዲጠፋ ከተፈለገ ሌላ ዓይነት ማስክ፣ ሌየር ማስክ የሚባለው፣ ያስፈልጋል። ከሌየሮቹ ዝርዝር ግርጌ ያለውን፣ በመሃሉ ክብ የያዘውን አራት ማዕዘን ምልክት ይጫኑ። ማስኩ ላይ ነጭ ቀለም ያሳያል፣ ጥቁር ይሸፍናል፣ ግራጫ በከፊል ያሳያል። የብሩሹን ሃርድነስ (የጠርዙን ጥራት) 0፣ ኦፓሲቲውን (የቀለሙን ድፍንነት) ከ20 እስከ 30 በመቶ አድርገው በጥቁር ደጋግመው ይቀቡ። ከመጠን ካለፈ የኤክስ (X) ቁልፍን ተጭነው ወደ ነጭ ይቀይሩና ይመልሱት።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው፣ ከማስኩ ይልቅ ሌየሩ ራሱ ተመርጦ ጥቁሩ ፎቶው ላይ ይቀባል፤ ስለዚህ ከመቀባትዎ በፊት ክፈፉ በማስኩ ትንሽ ምስል ዙሪያ መሆኑን ይዩ። ሁለተኛው ይበልጥ ግራ ያጋባል፤ ማስኩ በፎቶው ሌየር ላይ ከተሠራ፣ በተሸፈነው ቦታ የፖስተሩ ጀርባ ሳይሆን የፊደሉ ቀለም ይወጣል። ፊደሉም ፎቶውም አብረው እንዲጠፉ ማስኩን በጽሑፉ ሌየር ላይ ይሥሩት።

ፒኤስዲውን (የፎቶሾፑን የሥራ ፋይል) ለራስዎ ያስቀምጡ። ለማተሚያ ቤት ፒዲኤፍ ይላኩ፤ ፒኤስዲ ከላኩ ፎንቱ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለና ጽሑፉን ሊያስተካክሉ ከነኩት፣ በሌላ ፎንት ይተካና የፊደላቱ ቅርጽ ይለወጣል።