ድብልቅና ውህድ ለሚምታታባችሁ

ባሕር ዳር ያላችሁ ተማሪዎች፣ ክረምት ላይ ከጣና ዳር አንድ ብርጭቆ ውሃ ቅዱ። ቡናማ ነው። ሳትነካኩት ይደር። ጠዋት ብዙው ደለል ከታች ዘቅጦ ታገኙታላችሁ። ምንም ኬሚካላዊ ለውጥ ሳይኖር ተለያየ፤ ስለዚህ ድብልቅ ነው።

ከላይ ያለውን በንጹህ ነጠላ ብታጠልሉት ደግሞ የባሰ ይጠራል። የሟሟው ማዕድን ግን በጨርቅ አይያዝም። እሱ የሚቀረው ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ነው (የማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ እስቲ እዩት፣ ነጩ ነገር እሱ ነው)።

ውሃው ራሱስ? ውህድ ነው። ሁለት የሃይድሮጅንና አንድ የኦክስጅን አቶም በኬሚካላዊ ትስስር ተጣምረው የሠሩት። ብታፈሉት እንፋሎቱም ያው ውሃ ነው፤ ሃይድሮጅኑንና ኦክስጅኑን ለመነጣጠል ኬሚካላዊ ለውጥ ይጠይቃል፣ ለምሳሌ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ።

በነገራችን ላይ፣ ጠራ ብላችሁ እንዳትጠጡት። ጀርም በነጠላ አይጠለልም።