ጀበናውን ከመላካችሁ በፊት ጠመኔ ላኩ

ከአዲስ አበባ ወደ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ ጀበና፣ ሲኒ ወይም መስታወት የምትልኩ ሁሉ የዕቃ አድራሹን ቃል ብቻ አትመኑ። «እንደ ዕንቁላል ይዘን እናደርሳለን» የማይል የለም።

አስቀድማችሁ አንድ ካርቶን በተጨማደደ ጋዜጣ ሙሉና ዐሥር ደረቅ ጠመኔዎች በየማዕዘኑና በመሃሉ አስቀምጡ። «ተሰባሪ» ብላችሁ በትልቁ ጽፋችሁ ላኩት። ምን እንደያዘ ካልጠየቁ አትናገሩ። ተቀባዩ ገና ሲከፍተው ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ። ጠመኔ እንደ ሸክላ ነው፤ አይታጠፍም፣ ሲወረወር ወይም ከባድ ጭነት ሲያርፍበት ቀጭ ይላል። የአንድ ማዕዘን ብቻ ተሰብሮ ከደረሰ ካርቶኑ በዚያ በኩል ወድቋል ማለት ነው፤ ዋናውን ዕቃ ስታሽጉ እዚያ ላይ ጋዜጣ ጨምሩ።

እኔ በሁለት አድራሾች እኩል የታሸገ ካርቶን ልኬ ነበር። በአንዱ ስምንቱ ተሰብሮ፣ በሌላው ዐሥሩም ደኅና ደረሰ። የጠየቁኝ ዋጋ ግን አንድ ነበር!

ዋናውን ዕቃ ስትልኩ ደረሰኙንም እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የዕቃው ዓይነትና ግምቱ በብር ይጻፍ፤ «አንድ ካርቶን» ብቻ የሚል ወረቀት ዕቃው ሲሰበር መከራከሪያ አይሆንም።

ለወርቅ፣ ለስልክና ለላፕቶፕ ግን ይህ ሙከራ አይበቃም። ጠመኔ የሚሰርቀው ስለሌለ ስለ ታማኝነት ምንም አይነግራችሁም።