በስልክ የሱስ ሕክምና ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየሳምንቱ ወደ ሆስፒታል መመላለስ ለማይችል ታካሚ የስልክ ክትትል ሕክምናው እንዳይቋረጥ ያደርጋል። በክፍል ውስጥ የታካሚውን እጅ መንቀጥቀጥ፣ የፊቱን ላብና የትንፋሹን ሽታ ሳይጠይቁ ያውቃሉ፤ በስልክ ግን ያልጠየቁትን አያውቁም። ቀጥሎ ያሉት ስህተቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው። የተጻፉት የመጠጥና የጫት ታካሚዎችን በስልክ ለሚከታተሉ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና አማካሪዎች ነው።

ማን እንዳነሳው ሳያውቁ መናገር

በብዙ ቤት አንድ ስልክ የባልም የሚስትም ነው፤ ልጅም ያነሳዋል። ያነሳው ሰው «ማን ልበል?» ማለቱ አይቀርም። «ከሱስ ሕክምና ክፍል ነው» ብሎ መመለስ የታካሚውን ምስጢር ማውጣት ነው። ይህ የሚፈታው ታካሚው በአካል በመጣበት ቀን ነው። ስልኩ የግሉ ነው ወይስ የጋራ? ሌላ ሰው ቢያነሳ ደዋዩ ራሱን ማን ብሎ ያስተዋውቅ? በስንት ሰዓት ይደወል? አጭር መልእክት ይላክ ወይስ ይቅር? መልሱ ካርዱ ላይ ይጻፍ። መልእክት ከተላከ «ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት» ይበቃል፤ የክፍሉም የመድኃኒቱም ስም አይገባበትም። ታካሚው ራሱ ሲያነሳም መጀመሪያ «አሁን በነጻነት መነጋገር ይችላሉ?» ይበሉ። አጠገቡ ሰው ካለ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ በሚያስመልሱ ጥያቄዎች ይቀጥሉ፣ ካልሆነም ሌላ ሰዓት ይቅጠሩ።

ያለበትን ቦታ ሳይጠይቁ መጀመር

ታካሚው በወሬ መሃል ራሱን ቢስት አምቡላንስ የት ይላካል? ስለዚህ በእያንዳንዱ ጥሪ መጀመሪያ አሁን ያለበትን ቀበሌና የሚታወቅ ምልክት ይጠይቁ፤ ባለፈው ሳምንት የነበረበት ቦታ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። የሚያምነው ሰው ሁለተኛ ቁጥርም ይመዝገብ። ኔትወርክ ቢቋረጥ መልሶ የሚደውለው ባለሙያው እንደሆነ አስቀድመው ይስማሙ። የታካሚው የስልክ ካርድ ካለቀ ሚስድ ኮል ይበቃል።

«ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ» ማለት

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ካቆመ ሊሞት ይችላል። አንጎሉ የአልኮልን የማደንዘዝ ኃይል ተላምዶ ራሱን አንቅቶ ይኖራል፤ አልኮሉ በድንገት ሲቀር ያ ንቃት የሚገታው ያጣል። የመጨረሻው መጠጥ ከተጠጣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ይጀምራል። የሚጥል በሽታ የሚመስለው መንዘፍዘፍ በአብዛኛው ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ግራ መጋባት፣ የሌለ ነገር ማየትና ትኩሳት ያለበት ዴሊሪየም ትሬመንስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይከሰታል። ሰኞ ማታ ያቆመ ሰው ማክሰኞ «ደህና ነኝ» ቢል አደጋው አላለፈም፤ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ መደወል ግድ ነው።

ስለማቆም ከማውራትዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ ጠዋት ሳይጠጡ እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ራስዎን ስተው ተንዘፍዝፈው ያውቃሉ? የሌለ ነገር አይተው ያውቃሉ? የጉበት ወይም ሌላ ሕመም አለብዎት? ሴት ከሆነች እርግዝና ይጠየቃል። አብሮ የሚያድር ሰው አለ? ከዚህ በፊት ተንዘፍዝፎ ወይም ተቃዥቶ ለሚያውቅ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ብቻውን ለሚኖር፣ ምግብና መድኃኒት ሆዱ ለማይቀበልለት ሰው መጠጥን የማቆም ሕክምና በስልክ አይሰጥም፤ ተኝቶ መታከም አለበት። ሆስፒታል እስኪደርስ ደግሞ በድንገት እንዳያቆም በግልጽ ይንገሩት። ይህን መናገር ብዙ ባለሙያ ይከብደዋል፤ ግን ሕይወት ያተርፋል።

ለመጠጥ ማቆም ምልክቶች ነጥብ የሚሰጠውን ባለ 10 ጥያቄ መለኪያ በስልክ ሞልቶ በድምሩ መተማመንም ስህተት ነው። መንቀጥቀጥ፣ ላብና መቁነጥነጥ በዓይን የሚመዘኑ ናቸውና። አስታማሚውን ዓይንዎ ያድርጉት፦ እጁን ወደፊት ሲዘረጋ ይንቀጠቀጣል? ውሃ ሲያነሳ ይደፋበታል? ግንባሩ ላይ ላብ አለ? ዛሬ ምን ቀን እንደሆነና የት እንዳለ ያውቃል? የልብ ምቱን ለ30 ሴኮንድ እንዲቆጥር አስተምረው በ2 ያባዙት፤ ከ100 በላይ ሆኖ ከዘለቀ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የተወላገደ አረማመድና ግራ መጋባት አብረው ከታዩ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት አንጎሉን እየጎዳ ሊሆን ይችላልና አያዘግዩ።

ዲያዜፓም (የመጠጥ ማቆም ምልክቶችን የሚያረጋጋ መድኃኒት) የታዘዘለት እንደሆነ መድኃኒቱ በአስታማሚው እጅ ይሁን፤ የሚሰጠውም የየቀኑ መጠን ተለይቶ ነው። ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያዳክማል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ መጠን በፊት መጠጣቱንና ድብታ እንዳለበት ይጠይቁ።

«ስንት ይጠጣሉ?» ብሎ ማለፍ

«ትንሽ» የሚል መልስ ምንም አይነግርም። ምን፣ በምን መጠጫ፣ ስንት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት? 330 ሚሊ ሊትር የሆነ ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ 40 በመቶ የሚደርስ አረቄ ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር ብቻ ያንኑ ያህል አለው። የቤት መጠጥ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ቁጥሩ ግምት ነው። መቁጠር የሚያሳፍረው ታካሚ በቀን ስንት ብር እንደሚያወጣ ቢጠየቅ ይቀለዋል።

ዳይሰልፊራም ተደብቆ ሲሰጥ ዝም ማለት

ዳይሰልፊራም መጠጥ ለማስተው የሚሰጥ መድኃኒት ነው። «ሳያውቅ ወጡ ውስጥ ልጨምርለት?» የሚል ጥያቄ ከተጨነቀ ቤተሰብ ይመጣል። መልሱ አይሆንም ነው። መድኃኒቱ ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ፊት ያቀላል፣ ያስመልሳል፣ የደም ግፊት ይጥላል፤ ልቡ የታመመን ሰው ሊገድል ይችላል። ታካሚው አውቆና ፈቅዶ፣ ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ብቻ ይጀመራል። ካቆመውም በኋላ ኃይሉ እስከ 2 ሳምንት ስለሚቆይ በዓል ሲቃረብ አስቀድመው ያስታውሱት።

የጫት ታካሚን በበርጫ ሰዓት ማናገር

ጫትን በድንገት ማቆም እንደ መጠጥ አይገድልም። ድካም፣ ብስጭት፣ የእንቅልፍ መብዛትና ዱካክ (ቅዠት) ይኖራል፤ ይህን አስቀድሞ የሰማ ታካሚ ሲደርስበት አይደናገጥም። ስህተቱ ብዙውን ጊዜ በሰዓቱ ላይ ነው። ገና የሚቅም ሰው ከሰዓት በኋላ በምርቃና ላይ ሲያገኙት ለሁሉም ዕቅድ ይስማማል፤ ነገ ጠዋት ግን ዕቅዱ የለም። ስለዚህ ጠዋት ይደውሉ። ላቆመው ደግሞ በተቃራኒው ሐራራው የሚበረታው በለመደው የመቃሚያ ሰዓት ነውና 8 ሰዓት ላይ የምትደወል የ5 ደቂቃ ስልክ ከረጅም ምክር ትበልጣለች። «ጫት ብቻ ነው» ለሚልዎትም ስለ ጨብሲ ይጠይቁ፤ ምርቃናውን ለመስበር ማታ ማታ የሚጠጣ ከሆነ ከላይ ያለው የመጠጥ ጥንቃቄ ሁሉ እሱንም ይመለከታል።

ውሸት የሚጋብዝ ጥያቄ

«ቃምክ እንዴ?» ለተባለ ሰው ቀላሉ መልስ «አልቃምኩም» ነው። «ከባለፈው ጥሪ ወዲህ ሐራራው የበረታብዎት ቀን የቱ ነበር? ያኔ ምን አደረጉ?» ቢባል ይናገራል። ለማቆም ያለውን ዝግጁነት ከ0 እስከ 10 ያስመዝኑት። 5 ካለ «ለምን 2 አላሉም?» ይበሉ፤ የማቆሚያ ምክንያቱን በራሱ አፍ ይዘረዝራል። «ለምን 10 አላሉም?» ከተባለ ግን የሚዘረዝረው ሰበቡን ነው። ካገረሸበትም ቁጣ አያስፈልግም፤ የሚቆጡት ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ስልኩን አያነሳም።

ራስን ስለማጥፋት አለመጠየቅ

«ከመኖር መሞት ይሻላል ብለው አስበው ያውቃሉ? እንዴት እንደሚያደርጉትስ አስበዋል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ዕቅድ ካለው ስልኩን አይዝጉ፤ በሌላ ስልክ የተመዘገበውን ሰው ጠርተው ከጎኑ እስኪደርስ ድረስ ያነጋግሩት።

አንድ ጊዜ ስላልተነሳ መተው

ለቀረ ጥሪ ሥርዓት ይኑርዎት፦ በዚያው ቀን በሌላ ሰዓት አንድ፣ በማግስቱ ጠዋት አንድ፣ ከዚያ በስምምነቱ መሠረት ወደ ሁለተኛው ቁጥር። መጠጥ ባቆመ በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት ውስጥ ከሆነ ግን እስከ ማግስቱ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ለአስታማሚው ይደውሉ፣ እሱም ካላነሳ የቀበሌውን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ቤቱ ይላኩ። ለዚህ ዓይነቱ ጉብኝትም የታካሚው ፈቃድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ካርዱ ላይ ተፈርሞ ሊገኝ ይገባል።